ወንበርና ኮሮጆ

አዲስ አበባ፣ ሲግናል ታክሲ መጠበቂያው አጠገብ ቡና የምጠጣባት ደሳሳ ቤት አለች። ምርጫ ሲቃረብ እዚያ ወሬው ይደራል፤ «ማን ያሸንፋል?» የሚል ግን የለም። የሚጠየቀው «ማን ይነሳል?» ነው። የወረዳው ሰውዬ ይነሱ ይሆን? ወዴትስ ይመደባሉ?

*

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያለው ሰው የሚያውቀው መሾምና መሻርን ነው። በካርድ ተሸንፎ ለሚወርድ ባለሥልጣን ዛሬም የረባ ቃል አላወጣንም። ዜናው «ከኃላፊነት ተነሱ» ይላል፤ ሲያሳምረው «ለሌላ ሥራ ተፈለጉ» ይላል። «ሕዝቡ አልመረጣቸውም» ሲባል በደንብ የሰማሁት አንድ ክረምት ብቻ ነው።

*

ያ ክረምት የ1997 ነው። ምርጫው ግንቦት 7 እሑድ ነበር፤ ሰልፉ ከንጋት ጀምሮ የሚንቀሳቀስ አይመስልም ነበር፣ ግን ማንም ጥሎ አልሄደም። የታክሲ ረዳቶች የተቃዋሚውን የቅንጅትን ምልክት፣ ሁለት ጣታቸውን፣ በመስኮት አውጥተው ነበር የሰነበቱት። ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች ጠራርጎ ወሰደ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን።

የሚገርመው፣ በወቅቱ ከተማዋን የሚመሩት የገዢው ፓርቲ ሹም አቶ አርከበ እቁባይ የተጠሉ ሰው አልነበሩም። መንገድ ያሠራሉ፣ ኮንዶሚኒየም አስጀምረዋል። ሰፈራችን «ሰውየው ሥራቸው ጥሩ ነበር» እያለ ሄዶ ሌላውን መረጠ። መራጭ ሥራውን ከፓርቲው ለይቶ መመዘን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላየሁም።

የተመረጠው ግን አልገባም። ቅንጅት ከተማዋን ሳይረከብ ቀረ፤ ለከንቲባነት ያጫቸው ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ጥቅምት 1998 ታሰሩ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የፌዴራሉ መንግሥት ባለአደራ አስተዳደር ሾመ፤ መሪው አቶ ብርሃነ ደሬሳ። ከተማዋ ብርሃኑን መርጣ ብርሃነን አገኘች።

*

ዶክተር ብርሃኑ ሰኔ 2013 እንደገና አዲስ አበባ ላይ ተወዳደሩ፤ አላሸነፉም። መስከረም 2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ሲያሸንፉ እስር ቤት፣ ሲሸነፉ ሚኒስቴር። ተቃዋሚን ካቢኔ ውስጥ ማስገባቱን የሚያመሰግን አለ፤ እኔም አልነቅፈውም። ግን ድምፅና ወንበር በዚህ አገር የተኳረፉ ዘመዳሞች ናቸው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ አንድ አግዳሚ ላይ አይቀመጡም።

*

የገዢው ፓርቲ ባለሥልጣን አቶ በረከት ስምኦን በ1997 ግንቦት ቡግና ላይ ተሸነፉ፤ ነሐሴ ላይ ምርጫው ሲደገም አሸነፉ። በዚያው ክረምት ተሰናባቹ ፓርላማ፣ ለሚመጣው ፓርላማ የሚሆን ደንብ አወጣ፦ አጀንዳ ለማስያዝ የአብላጫው ድጋፍ ያስፈልጋል ተባለ። ተከራይ ሲለቅ አምፖል ነቅሎ ሲሄድ አይተናል። ቆጣሪውን ቀይሮ እዚያው የሚቀር ግን አዲስ ነበር።

*

ከሐምሌ 2010 እስከ መስከረም 2014 አዲስ አበባ ከንቲባ አልነበራትም፤ ምክትል ከንቲባ ነበራት። የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው እንዲሾም ቻርተሩ ተሻሻለና መጀመሪያ ኢንጂነር ታከለ ኡማ፣ ቀጥሎ ወይዘሮ አዳነች አቤቤ መጡ። የምክር ቤቱ ዘመን አልቆ ተራዝሟል፣ ምርጫው ተላልፏል፤ ምክትሉ ግን ይሠራል፣ ይፈርማል፣ ይመርቃል። የማን ምክትል ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

*

ስለ ላይኞቹ ይህን ያህል ስናወራ፣ መታወቂያችንን የሚያድሰውን ሰው ረሳነው። የወረዳ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የመረጥነው ሚያዝያ 2005 ነው። በ2013 የቀረቡልን የፓርላማና የከተማ ምክር ቤት ዕጩዎች ብቻ ነበሩ። በ2005 የተወለደ የጎረቤቴ ልጅ ድምፁ መጎርነን ጀምሯል፤ እኛ በወረዳችን ላይ ያለን ድምፅ እንዳለ ነው። የፓርላማ ምርጫ ለወረዳ ኃላፊ እንደ ሩቅ ዘመድ ሠርግ ነው፦ ድንኳን ይተክላል፣ ሰው ይጠራል፣ ይደክማል፤ የሚያገባው ሌላ ሰው ነው።

*

አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አሉ።

«አባቴ፣ ኃላፊው ይገቡ ይሆን?»

«ስብሰባ ናቸው አሉኝ፣ ልጄ።»

«ያውቋቸዋል?»

«እሳቸውን አላውቅም። ኮታቸውን አውቀዋለሁ።»

ገርበብ ባለው በር አየሁ። ኮቱ ወንበሩ ጀርባ ላይ ተሰቅሏል፤ ጠረጴዛው ላይ የመራጮች ምዝገባ ፖስተር ተጠቅልሎ ተጋድሟል።

«ባለፈው ግን» አሉ ሽማግሌው፣ «ቡናማ ነበር ኮቱ።»