ቦብ ሄይስ እና ከግድግዳ ያወረድኩት ፎቶ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ትናንት ማታ ዩቲዩብ ላይ የቶኪዮ ኦሎምፒክን ሳይ ነበር። የገባሁት እንደ ሁሌው አበበ ቢቂላን ፍለጋ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አቤ ማራቶኑን ጨርሶ ሳሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ የታየበት ቀን። በዚያው ቀን፣ በዚያው ስታዲየም፣ አሜሪካኖቹ የ4 በ100 ዱላ ቅብብል ሮጠዋል። የመጨረሻው ሯጭ ዱላውን ሲቀበል ቡድኑ አምስተኛ ነበር። ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ አልፎ በ39.0 ሴኮንድ የዓለም ክብረ ወሰን! ሦስቴ ደጋግሜ አየሁት። ቦብ ሄይስ ይባላል፣ የፍሎሪዳ ልጅ። ከስድስት ቀን በፊት ደግሞ 100 ሜትሩን አሸንፏል፤ ያውም በተበላሸው አንደኛ መም፣ አንድ እግሩ ላይ የተዋሰውን ጫማ አድርጎ። ሰዓቱ 10.0።

ስፖርት አስተማሪ ነኝና ሌላውንም ማንበብ ጀመርኩ። ሰውዬው ከቶኪዮ ተመልሶ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ሆነ፣ ዳላስ ካውቦይስ። ቦታው ዋይድ ሪሲቨር ነው፤ ከዳር ተነስቶ እየበረረ የተወረወረለትን ኳስ የሚቀልበው። በመጀመሪያ ዓመቱ (እ.ኤ.አ. 1965) 46 ኳስ ቀልቦ 1,003 ያርድ ሄደ፣ 12 ተችዳውን አስቆጠረ። አንድ ለአንድ የሚይዘው ሰው ጠፋ። ተጋጣሚዎች ሰውየውን መከተል ትተው ሜዳውን ተከፋፍለው መጠበቅ ጀመሩ። እኛ ዞን ዲፌንስ እያልን የምናስተምረው ማለት ነው፤ በዚያ ጨዋታ እንዲስፋፋ ካደረጉት አንዱ የዚህ ሰው እግር ነው። በ1972 ሱፐር ቦውል አሸነፈ። የኦሎምፒክ ወርቅም የሱፐር ቦውል ቀለበትም ያለው እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ መጠጥና ዕፅ መጣ። በ1979 ለፖሊስ ሰላይ ዕፅ በማቀበል ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አምኖ ወደ አሥር ወር ታሰረ። የዝነኞች አዳራሽ የገባው በ2009 ነው። የሞተው በ2002! ብዙ ሰው የዘገየው በእስሩ ምክንያት ነው ይላል።

እዚህ ጋ ስልኩን አስቀመጥኩት።

ምክንያቱም እኔም አንድ ልጅ ነበረኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሆኖ ከአሥራ ሁለተኞቹ ጋር አሯሩጬው በሸራ ጫማ ጥሏቸው የሄደ። በዞን ውድድር ሜዳሊያ አመጣልን፣ ፎቶውን አሳጥቤ የስፖርት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ፣ በራሴ ብር። በኋላ በስልክ ስርቆት ተያዘና የተወሰኑ ወራት ታሰረ። ስብሰባ ተጠራ። «ለሌሎቹ መጥፎ አርአያ ነው፣ ይውረድ» ተባለ። እጄን አወጣሁ። ማንም አላስገደደኝም። ያወረድኩትም ራሴ ነኝ፣ ሌላ ሰው ወንበር ላይ ለመውጣት ሰነፈ።

ባለፈው ሳምንት ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ ዞር ሲል እሱ! «ቲቸር!» አለኝ። ወፍሯል። ስለ እናቱ ጠየቅኩት፣ ደህና ናት። ስወርድ ሒሳብ አልቀበልም አለ፣ ብለምነው ብለምነው እምቢ። ሞተሩን ካስነሳ በኋላ ነው የጠየቀኝ፦

«ቲቸር፣ ፎቶዬ አለ?»

«አለ» አልኩት።

ደስ ብሎት ሄደ። አልዋሸሁም፣ አለ። ኳስና ምንጣፍ የምናስቀምጥበት ስቶር ውስጥ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ዞሮ። ግን እሱ የጠየቀኝ ስለ ስቶሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ሰኞ ስቶሩን አስከፍታለሁ። መስታወቱ ተሰንጥቆ ከሆነ አስቀይረዋለሁ። ዳይሬክተራችን የሚሉትን ደግሞ ያኔ እንሰማለን።