ሞት የማይጸናበት ሕንፃ

አንባቢ ሆይ፤ ነገሬን በኑዛዜ ብጀምረው ይሻላል። የአጋማሽ ፈተና አርሜ ለማስረከብ አራት ቀን ብቻ ሲቀረኝ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነ ባልንጀራዬ አንዲት ትንሽ ፍላሽ በመዳፌ ላይ አኖረልኝና «የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ እይ፤ ካልጣመህ ነገ ትመልስልኛለህ» አለኝ። እኔም የፈተናውን ወረቀት ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋ አድርጌ ለማየት ተቀመጥሁ። ቀና ስል ዶሮ ጮኋል፤ አምስተኛው ክፍል አልቋል፤ ከመቶ ሃያው ወረቀት የታረመ አንድም አልነበረም።

በማግሥቱ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይህን ባወራ፣ አንድ ሽማግሌ የሒሳብ አስተማሪ «የኮርያ ለቅሶ! አንተም የተማርህ ሰው ተብለሃል!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ አፍሬ ዝም አልሁ። አሁን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስላየሁት፣ ለእርሳቸው ያልመለስሁትን ለእርስዎ ልመልስ።

ድራማው «ፔንትሃውስ» ይባላል። ኤስ.ቢ.ኤስ. የተባለው የሴኡል ቴሌቪዥን በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት 16 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው ዓመት ጳጉሜን 5 ቀን፣ በዘመን መለወጫችን ዋዜማ፣ ጨርሶታል። የመጀመሪያው ምዕራፍ 21፣ ሁለተኛው 13፣ ሦስተኛው 14፣ በጠቅላላው 48 ክፍል ነው። ደራሲዋ ኪም ሱን-ኦክ፣ አዘጋጁ ጁ ዶንግ-ሚን ናቸው።

ኮርያውያን እንዲህ ያለውን ድራማ «ማክጃንግ» ይሉታል። ቃሉ ከከሰል ማዕድን ቈፋሪዎች የመጣ ነው፤ ጕድጓዱ የሚያልቅበትን፣ ከዚያ ወዲያ መሄጃ የሌለበትን ጥግ ያመለክታል። ክሕደት፣ በቀል፣ የተለወጠ ሕፃን፣ የተደበቀ ወላጅ፣ ጥፊና ጩኸት ሁሉ በአንድ ድስት ሲንተከተክ ማክጃንግ ይሆናል። ስሙ ስድብ ነው፤ ነገር ግን ሰዳቢውም ተቀምጦ ያያል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ባለቀበት ምሽት በተደረገው ቈጠራ፣ በደቡብ ኮርያ ቴሌቪዥን ካላቸው ቤቶች ከመቶ 28.8 እጅ የሚሆኑት ይህንኑ ይመለከቱ ነበር።

ታሪኩን ላላዩት በአጭሩ ላውሳ፤ ምሥጢሩን አስቀድሞ መስማት የማይወድ ግን እዚህ ላይ ይተወኝ። በሴኡል «ሄራ ፓላስ» የሚባል ባለ መቶ ፎቅ የባለጠጎች መኖሪያ አለ፤ በልብ ወለዱ ማለቴ ነው። በጫፉ ላይ ሺም ሱ-ርዮን የተባለች ጨዋ ሴት ከባሏ ከጁ ዳን-ቴ ጋር ትኖራለች። ባልዋ በሕንፃና በመሬት ንግድ የከበረ፣ ከፊት ለፊት ፈገግታ ከበስተኋላ ጩቤ የሚይዝ ሰው ነው። በዚያው ሕንፃ ቾን ሶ-ጂን የምትባል ስመ ጥር የኦፔራ ዘፋኝ አለች። ከሕንፃው ውጭ ደግሞ ኦ ዩን-ሂ አለች፤ በድምፅ ከሶ-ጂን የምትበልጥ ነበረች፤ ነገር ግን ተማሪዎች ሳሉ ሶ-ጂን በውድድር ቀን በዋንጫ ጉሮሮዋን ስላቈሰለቻት መዝፈን ቀርቶባት በድኽነት ልጅዋን ታሳድጋለች። የእነዚህ ሰዎች ልጆች ሁሉ «ቾንግ-አ» ወደሚባለው የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመግባት ይሽቀዳደማሉ።

በዚህ መካከል ሚን ሶል-አ የምትባል ወላጅ አልባ ልጅ ትመጣለች። ገና በመካከለኛ ደረጃ የምትማር ስትሆን፣ ስሟን ለውጣ የኮሌጅ ተማሪ ነኝ በማለት የባለጠጎቹን ልጆች ሒሳብ ታስጠናለች። ማንነቷ በታወቀ ጊዜ ልጆቹ ድመት በአይጥ እንደሚጫወት ይጫወቱባታል፤ ወላጆቹም ከልጆቹ አይሻሉም። ከዚያ በአንድ የግብዣ ምሽት ከከፍታው ተገፍታ በሄራ ሐውልት ላይ ትወድቃለች። ሱ-ርዮን በመስተዋት አሳንሰር ውስጥ ሳለች ልጂቱ በፊቷ ቍልቍል ስታልፍ ታያታለች፤ ያች የምትወድቀው ልጅ ባሏ በተወለደች ጊዜ በሌላ ሕፃን ለውጦ የጣለባት የራሷ ልጅ መሆንዋን ግን አታውቅም።

የሕንፃው ሰዎችስ ምን አደረጉ? ፖሊስ አልጠሩም፤ አላለቀሱም። ስማቸው እንዳይጐድፍና የቤታቸው ዋጋ እንዳይወድቅ፣ ሬሳዋን ትኖርበት ወደ ነበረው ደሳሳ ሰፈር አጓጕዘው ራስዋን የገደለች አስመሰሉ።

ለእኔ የድራማው ኀይል ከዚህ ይጀምራል። ወንጀሉ የአንድ ክፉ ሰው ብቻ አይደለም፤ አንዱ ጕልበቱን፣ አንዱ መኪናውን፣ አንዱ ዝምታውን እንደ ዕድር መዋጮ ያዋጣል። ገዳይዋ ማን እንደ ሆነች ሲገለጥ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እስከዚያ ድረስ ተመልካቹ ሁሉ ከድኻዋ እናት ከዩን-ሂ ጋር ያዝናል፤ ከእርስዋ ጋር ባለጠጎቹን ይረግማል። ልጅዋ ሮ-ና በመግቢያው ፈተና አንድ ቦታ ጐድሏት የመጀመሪያ ተጠባባቂ ሆና ቀርታለች፤ ካለፉት አንድዋ ደግሞ ሶል-አ ናት። በዚያ ምሽት በስካር ውስጥ «ይህች ልጅ ባትኖር» የሚል አሳብ በእናቲቱ ልብ አለፈ፤ እጅዋም አሳቧን ተከተለ። የረገምናቸው ባለጠጎች ሬሳውን ደበቁ እንጂ የገደለችው ያዘንላት ናት።

ይህን «እንዴት ይሆናል?» የሚል ቢኖር፣ በኮርያ በየዓመቱ በኖቬምበር ወር የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ሲሰጥ፣ የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ክፍል በሚፈተንባቸው ደቂቃዎች አውሮፕላን እንኳ እንዳይነሣና እንዳያርፍ መከልከሉን ያስታውስ። እንዲህ ባለ አገር «አንድ ቦታ» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በሚወጣበት ሌሊት ሳይተኛ ያደረ የእኛም አገር ቤተ ሰብ ነገሩ ብዙ የሚርቀው አይመስለኝም።

ስለ ተዋናዮቹ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን በአንዲት ትዕይንት ብቻ እቆማለሁ። ሶ-ጂን የትምህርት ቤቱን ሥልጣን ለታናሽ እኅትዋ ሊያወርስ ካሰበው ከአባትዋ ጋር በዝናብ ሌሊት በደረጃ ላይ ትታገላለች። አባትየው ወድቆ ሲያጣጥር ሰነዱን ይዛ ትሄዳለች። ከዚያም ደም በነካው እጅዋ ፒያኖ ትመታለች፤ ፊቷ ያለቅሳል፣ ይሥቃል፣ ይፈራል፣ ደስ ይለዋል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ። አንድ ቃል አትናገርም። ይህችን ሶ-ጂንን የተጫወተችው ኪም ሶ-ዮን በ2021 እ.ኤ.አ. በቤክሳንግ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ የቴሌቪዥን ተዋናይት ተብላለች፤ ለዚያች ለፒያኖዋ ትዕይንት ብቻ ቢሰጣት እንኳ አይበዛባትም።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሶ-ጂን አይደለችም፤ ማ ዱ-ጊ የተባለው አስተማሪ ነው። ይህ ሰው የድምፅ መምህር ሲሆን፣ የባለጠጋ ወላጅ ጫማ ሲሰማ ወገቡ በራሱ ጊዜ የሚታጠፍ፣ ድኻይቱ ሮ-ና ስትቀርብ ግን አንገቱ እንደ ብረት የሚቀና ነው። መጀመሪያ ሳየው ከልቤ ሣቅሁ። እንደ ገና ሳየው ግን ሣቁ በጉሮሮዬ ቀረ።

ማስተማር በጀመርሁ በመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ቤታችንን ሊጐበኙ እንግዶች መጡ። ክፍሌን እንዳሳምር ታዘዝሁ። በፊተኛው ወንበር ክርኑ ላይ የተቀደደ ሹራብ የሚለብስ አንድ ልጅ ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ ከእርሱ የተሻለ የሚመልስ አልነበረም። ማንም «ይህን ልጅ አንሣ» አላለኝም። እኔው ራሴ «አንተ ለዛሬ ኋላ ተቀመጥ» አልሁት። «እሺ ቲቸር» ብሎ ደብተሩን ሰብስቦ ሄደ፤ በቦታውም ንጹሕ ኮት የለበሰ ልጅ አስቀመጥሁ። እንግዶቹ ገብተው ጥያቄ ሲጠይቁ ክፍሉ ዝም አለ። መልሱን ያ ልጅ እንደሚያውቀው እኔ አውቅ ነበር፤ እርሱም እንደማውቅ ያውቅ ነበር። እጁን አላወጣም። ከዚያ ቀን ወዲያም እስከ ዓመቱ መጨረሻ፣ ማንም ሳያዘው፣ ኋላ እንደ ተቀመጠ ቀረ።

ይህን ነገር ለዓመታት ረስቼው ነበር፤ ወይም የረሳሁት መስሎኝ ነበር። ያስታወሰኝ ስብከት አይደለም፤ መጽሐፍም አይደለም፤ እኒያ ሽማግሌ መምህር «ለቅሶ» ያሉት ድራማ ነው።

ይህን ያህል ካመሰገንሁት በኋላ ጉድለቱን ብደብቅ ግን ዋሽቻለሁ። ትልቁ ጉድለቱ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሞት የማይጸና መሆኑ ነው። ሱ-ርዮን በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ገደማ በጩቤ ተወግታ ሞተች፤ እውነት ለመናገር አዘንሁ። በሁለተኛው ምዕራፍ ና ኤ-ግዮ የምትባል፣ መልክዋ ቍርጥ እርስዋን የመሰለ፣ የቢራቢሮ ንቅሳት ያላት ሴት ብቅ አለች። ጥቂት ቈይቶ የሞተችው ኤ-ግዮ እንጂ ሱ-ርዮን እንዳልሆነች ተገለጠ። ደራሲዋ ይህን ዘዴ ስትጠቀም የመጀመሪያዋ አይደለም፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በጀመረው «የሚስት ፈተና» ልንለው በምንችለው ድራማዋ ደግሞ፣ አንዲት ሚስት በፊቷ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ጨምራ ሌላ ሴት ነኝ ብላ በባሏ ፊት ተመላልሳለች። ያን ጊዜ አንዲት ነጥብ፣ አሁን አንዲት ቢራቢሮ! በእነዚህ ድራማዎች ውስጥ ያሉ ባሎች ሚስታቸውን የሚያውቁት በምን ይሆን?

ሮ-ናም ተመትታ ከደረጃ ወደቀች፤ ሞተች ተባለ፤ ተመለሰች። የሶል-አን ደም ሊበቀል የስፖርት አስተማሪ መስሎ የገባው ሎጋን ሊ፣ በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ መኪናው ከነቦምቡ ፈነዳ፤ እርሱም ኋላ በሕይወት ተገኘ። የሚያሳዝነው፣ የዚህ ሰው ታሪክ በመነሻው ከሁሉ የከበደ መሆኑ ነው፤ አሜሪካ ያሉት ወላጆቹ ሶል-አን ያሳደጓት ለታመመ ልጃቸው መቅኔዋን ለመውሰድ ነበር፤ ከወሰዱም በኋላ የሌባ ስም ለጥፈው ወደ ሕፃናት ማሳደጊያው መለሷት። ይህን የመሰለ ዕዳ ያለበት ሰው ቦምብ አያስፈልገውም ነበር።

የሐሰቱ ሞት ያመጣውን ጕዳት ያየሁት በሦስተኛው ምዕራፍ ነው። ዩን-ሂ የጠላትዋን የሶ-ጂንን ልጅ ከገደል አፋፍ አዳነች፤ በዚያችው እናት እጅም ወደ ገደሉ ተገፋች። የሰው ልጅ ገድላ የነበረች ሴት የሰው ልጅ አድና ሞተች፤ ከዚህ የበለጠ የሚያስለቅስ ነገር በ48ቱ ክፍል ውስጥ የለም። እኔ ግን አላለቀስሁም። «ትመለሳለች» ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ። አንድ ክፍል ጠበቅሁ፤ ሁለተኛም ጠበቅሁ። አልተመለሰችም። እውነተኛውን ሞት በሐሰተኞቹ መካከል አሳለፍሁት፤ ልቤ ሊያዝን ሲነሣ ጊዜው አልፎ ነበር። የሦስተኛው ምዕራፍ የመጨረሻው ክፍል ከመቶ 19.1 እጅ ላይ ቆሟል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መታየቱም ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ብዙው ሰው እንደ እኔ ማመን ደክሞት ነው ባይ ነኝ።

ሌላም አለ። ድራማው ባለጠግነትን እየረገመ ዓይኑን ከባለጠግነት ላይ መንቀል አልሆነለትም። ካሜራው ወርቁን፣ መብራቱን፣ የልብሱን ጥልፍ እየዳሰሰ ይሄዳል፤ የሶል-አን ደሳሳ ክፍል ግን በችኮላ ያልፈዋል። ተማሪዎቼ ስለ ድራማው ሲያወሩ ከፍርዱ ይልቅ ቀሚሱን ማስታወሳቸው ከዚህ የመጣ ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይም የሎጋን ወንድም ጠጕሩን እንደ ጥቁር አሜሪካውያን ገምዶ፣ ገላውን ተነቅሶ ለመሣቂያ ቀረበ፤ በዚህ ከየአገሩ ቍጣ ስለ ተነሣ ተዋናዩ በ2021 እ.ኤ.አ. ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታው መልካም ነው፤ እኔ ግን ያን ትዕይንት ሳይ በሰው ቤት ግብዣ ተቀምጬ ስለ እኔ ሲቀለድ የሰማሁ ያህል ተሰማኝ።

ፍላሹን ለባልንጀራዬ የመለስሁት በወሩ ነው። የፈተናውን ወረቀት፣ ይቅር ይበለኝና፣ ሁለት ቀን አሳልፌ አስረክቤ ነበር።

«እሺ፣ በመጨረሻ ማን ሞተ፣ ማን ዳነ?» አለኝ፤ እርሱ ሦስተኛውን ምዕራፍ ሰልችቶት ትቶታል።

«ሶል-አ ሞታለች» አልሁት።

«እርስዋማ ገና በመጀመሪያው ነው የሞተችው!»

«አዎን» አልሁት፤ «እርስዋ አልተመለሰችም።»