መካነ ብርሃን፦ የአክስታችን ሀገር



የሰሜን ተራሮችን ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው ጭላዳውንና ዋልያውን አይቶ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ የአላህን ሥራ አድንቆ ይመለሳል። ከተራራው ጀርባ ያለችውን መካነ ብርሃንን ግን ብዙው ሰው አያውቃትም። መካነ ብርሃን በሰሜን ጎንደር የጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ለእኔና ለወንድሞቼ ደግሞ ከሁሉ አስቀድማ የአክስታችን ሀገር ናት። አክስታችን ወደ አኼራ ከሄደች በኋላ ለተዕዚያ በተጓዝኩ ጊዜ ያየሁትና የሰማሁት ለሌሎች ቤተሰቦችም ይጠቅማል በማለት ይህን ጽፌያለሁ።

መንገዱ

ከጎንደር ተነስቶ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። ከደባርቅ በኋላ መኪናው ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይገባል። ይህ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ሳንቃበርና ጨነቅ ከታለፉ በኋላ የቧሂት ዳገት ይጀምራል። የቧሂት ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,400 ሜትር ይበልጣል። መኪናው እያቃሰተ ሲወጣ ዛፉ እየጠፋ ይሄድና ጓሳና ጅብራ ብቻ ይቀራል። ብርዱ ጋቢ በጋቢ ላይ ያስደርባል። ከዚያ ቁልቁል ሲወረድ ጃናሞራ ይታያል፤ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት ተዳፋት፣ እዚህም እዚያም የተበተነ ጎጆ፣ በማዶ ደግሞ የራስ ደጀን ጋራ።

አክስቴ ይህን አገር መኪና ሳይገባበት በእግርና በበቅሎ ታውቀው ነበር። ነጋዴ ባለቤቷ በሕይወት ሳለ አብራው ትወጣ ትወርድ ነበር። እኛ መንገዱ ራቀን ስንላት፣ «መንገድ የሚርቀው ዘመድ ለሌለው ነው» ትለን ነበር።

እታለም

ታላቁም ታናሹም «እታለም» ይላት ነበር። የራሷ ልጅ አላህ አልሰጣትም። ይሁን እንጂ ቤቷ ልጅ አጥቶ አያውቅም። እናቴ ስትሞት እኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ አዝላ ወስዳ ያሳደገችኝ እርሷ ናት። በዚያ ብርድ ከሁላችንም ቀድማ ትነሳና ውሃ ሞቅ አድርጋ በማንቆርቆሪያ ለውዱእ ታቀርብልን ነበር። «ለሶላት የሚነሳ ልጅ በብርድ መቀጣት የለበትም» የምትለው ነገር ነበራት። ቁርኣንን የቀራሁት በሼኾቹ ዘንድ ነው፤ ሶላትን እንድወድ ያደረገኝ ግን የእርሷ ሙቅ ውሃ ነው።

አያቶቿ የመጡት ከጎንደር እስላም ቤት፣ ዛሬ አዲስ ዓለም ከሚባለው ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ መወሰኑን ታሪክ ያስታውሳል። ርስት የተከለከለው የደጋው ሙስሊም ኑሮውን በሽመናና በንግድ መሠረተ። የአክስቴም ዘር እንዲሁ ነው፤ በንግድ መንገድ ወጥቶ ጃናሞራ ላይ ቀረ። እርሷም እስከ መጨረሻዋ ድረስ እንዝርት ከእጇ አልተለየም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ አጥሮ ጃናሞራ ክፉኛ ተጎድታ ነበር። ከብት አለቀ፤ ብዙ ሰው ቀዬውን ለቅቆ ወደ ደባርቅና ወደ ጎንደር ወረደ። በዚያ ጊዜ አክስቴ ከነጋዴ በዱቤ እህል እየወሰደች፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳትል ከጎረቤቶቿ ጋር ተካፍላ በላች። ይህ ዱቤ ኋላ ላይ ጉዳይ ሆኖ እንደሚመጣ አንባቢ ልብ ይበል።

ለቅሶ ቤቱ

ስደርስ ጀናዛዋ ተቀብሮ ነበር። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ክርስቲያን ጎረቤቶቿ እንጀራና ሽሮ በመሶብ ተሸክመው መጥተዋል። በፓርኩ ውስጥ ከነበረችው ከግጭ መንደር የመጡ ወዳጆቿም ነበሩ። የግጭ ነዋሪዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች መንደሩን ለቀው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርገዋል። ሀገሩን የለቀቀ ሰው የሐዘን ትርጉሙ ይገባዋልና ከደባርቅ ድረስ ቧሂትን ተሻግረው መጡ።

አንዲት አሮጊት ደረታቸውን ሊመቱ ሲነሱ ሌላዋ እጃቸውን ያዝ አድርገው፣ «እታለም ይህን አትወድም ነበር» አሏቸው። በኢስላም ማልቀስ አልተከለከለም፤ ዓይን ያነባል፣ ልብም ያዝናል። የተከለከለው ፊት መንጨት፣ ልብስ መቅደድ፣ በአላህ ውሳኔ ላይ ማማረር ነው። ሚስት ለባሏ አራት ወር ከአሥር ቀን ከምትቆየው በቀር የሐዘኑ ጊዜም ከሦስት ቀን አያልፍም።

ኻላ እንደ እናት ናት

በአማርኛችን የእናትም የአባትም እህት አክስት ናት። ዐረብኛ ግን ይለያቸዋል፤ የአባት እህት ዐማ፣ የእናት እህት ኻላ ትባላለች። ስለ ኻላ በሐዲሥ የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ፤ እኛን ሐበሾችንም ይነካናል።

ሐምዛ (ረ.ዐ.) በኡሑድ ዘመቻ ሲሰዋ ሴት ልጅ ትቶ ነበር። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዑምራ አድርገው ከመካ ሲወጡ ይህች ልጅ ተከተለቻቸው። እኔ ላሳድጋት በማለት ዐሊይ፣ ጃዕፈርና ዘይድ (ረ.ዐ.) ተከራከሩ። ነቢዩም ለጃዕፈር ፈረዱ። ምክንያቱም የጃዕፈር ሚስት አስማእ ቢንት ዑመይስ የልጅቱ ኻላ ነበረች፤ ኻላ ደግሞ የእናት ቦታ እንዳላት ነገሯቸው። ይህች አስማእ ከባለቤቷ ጋር ወደ ሐበሻ ተሰዳ ዓመታት የኖረች፣ ልጇን ዐብዱላህንም በዚሁ ምድር የወለደች ናት። ወደ መዲና የተመለሱትም በዚያው በ7ኛው ዓመት ነበር።

ዓመት እንኳ ሳይሞላ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ጃዕፈር በሙእታ ዘመቻ ተሰዋ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያን ጊዜ ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ፤ ሐዘን ይዟቸዋልና። እንግዲህ ለቅሶ ቤት ምግብ ይዞ መሄድ ሱና ነው። ሐዘንተኛው ራሱ በሬ ጥሎ፣ ተበድሮ ሕዝብ እንዲያበላ ማስጨነቅ ግን ከዚህ ጋር የሚሄድ አይደለም።

ዕዳውና ቤቱ

በሦስተኛው ቀን እህል ያበደረው ነጋዴ መጣ። «ለድሀ የሰጠችው ነው፤ እኔም ትቼዋለሁ» አለ። አጎቴ ግን አመስግኖ፣ ዕዳው በአማናት እንዲከፈል ቆረጠ። ሟች ከተቀበረ በኋላ ከንብረቱ የሚቀድመው ዕዳ ነው፤ ከዚያ ከሲሶ የማይበልጥ ኑዛዜ፤ ውርስ የሚመጣው ከሁለቱ በኋላ ነው። ሁለት በግ ተሽጦ ዕዳው ተከፈለ። ነጋዴውም ገንዘቡን ተቀብሎ ሲያበቃ ከፊሉን በስሟ ሰደቃ አደረገው።

ቀጥሎ የቤቱ ነገር ተነሳ። ልጅም ወላጅም ለሌለው ሟች፣ የእናት የአባት ወንድምና እህት ካሉ ወንዱ ሁለት እጅ፣ ሴቷ አንድ እጅ እንደሚወርሱ ሱረቱ አን-ኒሳእ ደንግጓል። ወራሾቹ አጎቴና በሕይወት ያለችው ታናሽ አክስቴ ነበሩ። የእህት ልጅ የሆንኩት እኔ ድርሻ የለኝም። አንዳንዶች ቤቱ ተሽጦ ገንዘቡ ይከፈል አሉ። ሸሪዓው አይከለክልም። ነገር ግን ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባ፣ ከዐረብ አገር የምንመጣ ዘመዶች የምንገናኘው በዚያ ደጃፍ ብቻ ነበር። ደጃፉ ሲዘጋ ልጆቻችን መንገድ ላይ ቢገናኙ አይተዋወቁም። አጎቴ ብዙ ካሰበ በኋላ ሁለቱን እጁን ለእህቱ በስጦታ ለቀቀላት፤ እርሷም ከደባርቅ መጥታ ልትኖርበት ተስማማች። እኛ የእህትና የወንድም ልጆች ደግሞ በየዓመቱ ከዒድ በኋላ እዚያ ለመሰባሰብ ቃል ተገባባን።

ወንድሞችና እህቶች፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ አክስት ወይም በአንዲት አያት ትከሻ ላይ ቆሞ ይኖራል። እርሷ ስትሄድ አብሮ እንዲፈርስ መተው የለበትም። ለሞተ ዘመድ ከምናደርገው በጎ ሥራ ውስጥ ዱዓ፣ ሰደቃ፣ ዕዳውን መክፈልና እርሱ ይቀጥለው የነበረውን ዝምድና መቀጠል ይገኛሉ። እናቱ የሞተችበት ሰው ኻላው በሕይወት ካለች በሩ ገና ክፍት ነውና ይጠይቃት፤ ልጆቹንም ይዞ ይሂድ።

አላህ (ሱ.ወ.) አክስታችንን ይማራት፤ ቀብሯንም እንደ ሀገሯ ስም የብርሃን ቦታ ያድርግላት። አሚን።