ፈረሱስ ስንት ሰዓት ነው የሚለው?

ሳንጃ ላይ በቀትር ሰውም ከብትም ጥላ ይፈልጋል። ታች አርማጭሆ ቆላ ነው፤ ከጎንደር ተነስቶ የሑመራን መንገድ የያዘ መንገደኛ ደጋውን ከኋላው ጥሎ ሲወርድ አየሩ እንደተቀየረ ለመረዳት ቴርሞሜትር አያስፈልገውም። አህያና ግመል ይህን ሙቀት ይችሉታል። ፈረስ ግን የደጋ ልጅ ነው። ከዳባት ወይም ከደባርቅ ገበያ ተገዝቶ ቆላ የወረደ ፈረስ ሲኖር ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ኩንታል እንደሚጎትት ነው። በስንት ሰዓት ይሥራ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ አይሰማም።

መነሳት ነበረበት። በፈረስ አንጎል ውስጥ፣ ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ በላይ፣ እንደ ሰው ሁሉ አንዲት ትንሽ የሕዋሳት ክምችት አለች። ብርሃንና ጨለማን እየተከተለች የሰውነቱን የቀን ዑደት ትመራለች። የፈረስ ሙቀት ንጋት አካባቢ ዝቅ ይላል፣ ወደ ማታ ከፍ ይላል። ሲጨልም ሜላቶኒን ይመነጫል። ባዝራ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው በሌሊት ነው። እንዲህ ያለው ሰዓት በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በዝንብ ላይ መርምረው ያሳዩ ሦስት አሜሪካውያን በ2017 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ወስደዋል።

ሰዓቱን የሚሞላው ግን ብርሃን ብቻ አይደለም። ጉበትም ጡንቻም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ እነዚህ ደግሞ መኖንና ሥራን ያዳምጣሉ። በደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ባርባራ መርፊ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት በቋሚ ሰዓት የሚሠራ እንቅስቃሴ በፈረስ ጡንቻ ውስጥ ባሉ ዘረ መሎች የቀን ውጣ ውረድ ላይ ተጽዕኖ እንዳለው አሳይታለች። በቀላል አማርኛ ጡንቻ የሥራ ሰዓቱን ይለምዳል ማለት ነው። ውድድር ከሰዓት በኋላ ከሆነ ልምምዱም ከሰዓት በኋላ ይሁን የሚለው ምክር የመጣው ከዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ለዚህ ነገር ከኢትዮጵያውያን የቀረበ ሰው የለም። ፈረንጅ ቀኑን በእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ እኛ ጎህ ሲቀድ። የፈረሱ ሰዓት ከእኛ ጋር ይስማማል።

ችግሩ የሥራው ሰዓት በባለጋሪው እጅ አለመሆኑ ነው። ቤንዚን ሲጠፋ ባጃጁ ይቆምና ጋሪው ከንጋት እስከ ምሽት ይጠራል፤ ቤንዚኑ ሲመጣ ደግሞ ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በጎንደር የሌሊት ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የታሰበው ስለ ሰውና ስለ መሣሪያ ነበር፤ ፈረስን ያነሳ የለም። ገና ሳይነጋ፣ በቀዝቃዛው ሰዓት ጭነት ማንሳት የለመደ እንስሳ ግን እንዲህ ባለ ክልከላ ሥራው ወደ ፀሐዩ ይገፋል። ጎንደር ላይ ይህ ድካም ነው። በሳንጃ ዓይነት ቆላ ግን ላብና ጨው ጨርሶ መውደቅ ሊሆን ይችላል፤ ፈረስ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በላብ ነውና።

ሌሊቱም ሌላ ጣጣ አለው። ሜዳ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ከሃያ አራቱ ሰዓት አብዛኛውን የሚያሳልፈው በመጋጥ ነው። ቀኑን በጋሪ ያሳለፈ ፈረስ የቀረበትን መኖ በሌሊት ማካካስ አለበት፤ እንቅልፉም ያው ከሌሊቱ ላይ ነው የሚነሳው። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል፣ እውነት ነው፤ ጥልቁን እንቅልፍ ግን ሳይተኛ አያገኘውም። ከሰዓት ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል፣ ግን መተኛት አለበት። ጅብ ተፈርቶ ጠባብ ቤት ውስጥ በአጭር ገመድ የታሰረ ፈረስ ለቀናት ሳይተኛ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ቆሞ ሳለ ጉልበቱ ይከዳዋል። የፊት ጉልበቱ ተልጦ ሲታይ መንገዱ ወይም ጫማው ይወቀሳል፤ ስለ ገመዱ ርዝመት የሚያስብ ጥቂት ነው።

እንግዲያው ማታ ማታ ይሥራ? ይህም ቀላል አይደለም። የአፍሪካ የፈረስ በሽታን የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች በብዛት የሚወጡት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፣ እስከ ንጋትም ይቆያሉ። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል፤ ያልተከተበን ፈረስ ቆላ ላይ ማታ ማሠራት ከፀሐይ አውጥቶ ለዝንብ መስጠት ነው። የሚቀረው የጠዋቱ ሰዓት ነው፦ ከ12 እስከ 4፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት። ከዚያ ጥላ፣ ውኃ፣ ትንሽ ጨው፣ ድርቆሽ። በ10 ሰዓት ደግሞ ቀለል ያለ ዙር።

ባለጋሪው ይህን ሰምቶ ቢስቅ አይፈረድበትም። ደንበኛው በ6 ሰዓት ከመጣ በ6 ሰዓት ነው የሚጫነው፤ የቀን ገቢው የልጆቹ ራት ነው። ለዚህ ነው ነገሩን ለእሱ ብቻ መተው ልክ የማይሆነው። የገበያ ቀን የጭነት ሰዓትን ማን ይወስናል? ነጋዴውና ማዘጋጃ ቤቱ። መጋዘን በጠዋት ቢከፈት፣ ጋሪ ተራ ላይ ጥላና የውኃ ገንዳ ቢኖር የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ ፈረስ ዋጋ ብዙ የሚርቅ አይመስልም።

የጎንደር ሰው ፈረስን አላከበረም አይባልም። ቴዎድሮስ በፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ ተብለዋል፤ ከፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለው ክብ የድንጋይ ቤት ደግሞ ዞብል የተባለው የንጉሥ ፈረስ መቃብር ነው እየተባለ ለእንግዳ ይታያል። ለሞተው ፈረስ ጣሪያ አለ። የጋሪው ፈረስ በ7 ሰዓት ፀሐይ ላይ፣ ልጓሙ ሳይወልቅ፣ ሦስተኛውን ጭነት ይጠብቃል።