ሞቱ የማን መዝገብ ላይ ይጻፍ?

በእኛ አገር ሆስፒታል የሚመዘነው ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳን ሥር ቁጭ ብለን "እዚያ የገባ በእግሩ አይወጣም፤ ይኼኛው ግን ደህና ነው" እንባባላለን። በተለይ ነገሩ ስትሮክ ከሆነ። አንዱ አባቱን ይጠቅሳል፣ ሌላዋ እህቷን ትጠቅሳለች፣ ፍርዱም እዚያው ይሰጣል። በሚቀጥለው ሳምንት የአንድ ጎረቤት ግማሽ አካል አልታዘዝ ቢል ቤተሰቡ ወዴት እንደሚወስደው የሚወስነው ይኼው ፍርድ ነው። ስለዚህ የዋዛ ወሬ አይደለም።

እስቲ ከአጅባር እንጀምር። በዙሪያዋ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ አንድ ሰው ጠዋት አፉ ተጣሞ፣ አንደበቱ ተሳስሮ ቢነሳ መጀመሪያ ጠበል ይሞከራል። ቀጥሎ ቃሬዛ ይመጣል። ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር። ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ ብቻ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሌላ በኩል የረጋን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመደበኛነት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ 4.5 ሰዓት ሳይሞላው ነው። ያውም በሲቲ ስካን ደም የፈሰሰ አለመሆኑ ከታየ በኋላ። ካልታከመ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች እንደሚሞቱ ይገመታል። የእኛ ሰው ገና ቃሬዛ ላይ እያለ ሰዓቱ አልቋል።

ታዲያ ይኼ ሰው ደሴ ደርሶ በሦስተኛው ቀን ቢሞት የገደለው የደሴ ሆስፒታል ነው? በመዝገብ ግን እንደዚያ ይሆናል። የቅርቡ ሆስፒታል ከባድ ከባዱን ወደ ላይ ይልካል፣ የእሱም ቁጥር ያምራል። ተቀባዩ ደግሞ የደከመውን ሁሉ ይቀበላልና "ገዳይ" የሚል ስም ያተርፋል። ሆስፒታሎችን በሞት ቁጥር ብቻ ብናወዳድር ከባድ በሽተኛን የሚያባርረውን እየሸለምን፣ የሚቀበለውን እየቀጣን ነው ማለት ነው።

ሌላም ቀዳዳ አለ። እኛ ዘንድ ተስፋ የተቆረጠበት ሰው "አፈሩን አገሩ ይቅመስ" ተብሎ ወደ ቤቱ ይወሰዳል። አስከሬን ማጓጓዝ ከበሽተኛ ማጓጓዝ ይወደዳልና ቤተሰብ ቶሎ ይወስናል። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ግን "በራሱ ፈቃድ ወጣ" የሚል ነው።

አጎቴ እንዲህ ነው የሆነው። የመጀመሪያው ሆስፒታል ውስጥ (ስሙ ይቅር) ሁለት ቀን ሲተኛ ይዋጥለት እንደሆነ ያየ ሰው አልነበረም። አክስቴ በጀርባው እንደተኛ አጥሚት ስታጠጣው ማንም "ቆይ" አላላትም። ሳል ጀመረው፣ ትኩሳት ተከተለ። ሪፈር ተብሎ ሁለተኛው ሆስፒታል ስንደርስ አንዲት ነርስ ከሁሉ በፊት ቀና አድርጋ አስቀመጠችው። በማንኪያ ጥቂት ውኃ ሰጥታው ጉሮሮውን አየች። "በአፉ ምንም እንዳትሰጡት" አለችን። መሣሪያ አልፈለገም፣ ማንኪያና ዕውቀት ብቻ ነበር። ግን ምግቡ ሳንባው ገብቶ ነበር። ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌለው ሲነግሩን ይዘነው ተመለስን፤ ቤቱ ውስጥ ዐረፈ።

በሁለቱም ሆስፒታሎች መዝገብ አጎቴ ዛሬም አልሞተም። በለቅሶው ላይ የተወቀሰው ደግሞ ሁለተኛው ነው፣ "ከዚያ ነው ሞቶ የመጣው" ተብሎ።

በሌላው ዓለም ይኼን እንዴት ፈቱት? ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1994 ብሔራዊ የስትሮክ መዝገብ ጀመረች። ሰውዬው ከሆስፒታል ሲወጣ መዝገቡ አይዘጋም፤ ከሦስት ወር በኋላ ይጠየቃል። ራስህ ትለብሳለህ? ሰው ሳይደግፍህ መጸዳጃ ቤት ትሄዳለህ? እንግሊዝም ሆስፒታሎቿን በስትሮክ ሕክምና ከ"ኤ" እስከ "ኢ" ደረጃ እየሰጠች ለሕዝብ ይፋ ታደርጋለች። ከሚታዩት ነገሮች ውስጥ በሽተኛው በስንት ሰዓት ሲቲ ስካን እንደተነሳና መዋጥ መቻሉ በወቅቱ መፈተሹ ይገኙበታል። የሞት ቁጥርም ሲነጻጸር በሽተኛው ሲገባ ምን ያህል ተጎድቶ እንደነበር ታስቦ ነው።

"እኛ ስዊድን አይደለንም" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። የደሴው ትልቅ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ በጦርነቱ ተዘርፏል። እንዲህ ያለውን ቤት በሲቲ ስካን ፍጥነት ከአዲስ አበባ የግል ሆስፒታል ጋር ማወዳደር ግፍ ነው። ነገር ግን ሆስፒታሎችን እርስ በርስ ማማማርና ማወዳደር ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ የሆስፒታሎች የጥራት ጥምረት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለ። በእሱ በኩል ሁሉም ሆስፒታል ሊሠራቸው የሚችሉ ጥቂት ነገሮችን ለስትሮክም መቁጠር ይቻላል፦

▪️ ሕመሙ የጀመረበትና በሽተኛው የደረሰበት ሰዓት ተጽፏል?
▪️ ሲገባ ራሱን ያውቅ ነበር?
▪️ ስኳሩና ግፊቱ ወዲያው ተለክቷል? (የስኳር መውረድ ስትሮክ መስሎ ይመጣል።)
▪️ በአፉ ምንም ከመቅመሱ በፊት መዋጥ መቻሉ ታይቷል?
▪️ አልጋ ላይ እንዳይቆስል ይገላበጣል?
▪️ ከሦስት ወር በኋላ ተደውሎ "በሕይወት አለ? ይራመዳል?" ተብሏል?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ዋጋዋ የአንድ ስልክ ጥሪ ነው። አጎቴን ከሙታን የምትቆጥረው ግን እሷ ብቻ ናት። ሪፈር ተብሎ የሄደውንም፣ "በራሱ ፈቃድ የወጣውን"ም ትይዛለች፤ ሞትን ወደ ሌላ መዝገብ ማሻገር አይቻልም። አንዱ ሆስፒታል የሚውጠውን ሳያይ እንደሚያበላ፣ ሌላው እንደሚያይ የሚታወቀውም እንዲህ ሲቆጠር ነው። ያኔ የደከመው ከበረታው ይማራል፣ የዚያች ነርስ ሥራም ስም ያገኛል።

እስከዚያው የእኛ ድርሻ አለ። ሰው ሲወድቅባችሁ መጀመሪያ ሰዓቱን ያዙ። በአፉ ምንም አትስጡት። ሆስፒታል ስትደርሱ "መዋጥ ይችላል ወይ? አይታችሁልናል?" ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። እዚህ የምትከታተሉን የጤና ባለሙያዎች ደግሞ አንድ ነገር ንገሩን፤ እናንተ ጋ ከሦስት ወር በኋላ የሚደውል ሰው አለ?