ድር፣ ማግና ጊታር

«ጃኖ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ቀይ ጥለት ያለው ሸማ ነው። ድሮ መኳንንቱ ይደርቡት፣ ተራው ሰው ደግሞ ከሩቅ ያየው የነበረ የክብር ልብስ። በ2005 ዓ.ም. ግን ስሙ ሌላ ባለቤት አገኘ። ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን ይዞ ብቅ አለ። ጊታሩ እንደ ሄቪ ሜታል ያጓራል፤ ቅኝቱ ግን የኛው ነው። አንዳንዱ «ምን ዓይነት ጩኸት ነው?» አለ፤ ወጣቱ ግን ወደደው።

የምኖረው ጉለሌ ነው፣ ከሽሮ ሜዳ ብዙም ሳልርቅ። ስለዚህ ስሙን በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ መድረኩ ሳይሆን፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ግራ ቀኝ የሚልከው ሸማኔ ነው።

ሄቪ ሜታልም ቢሆን የተወለደው ከእጅ ሠራተኛ ቤት ነው። የእንግሊዟ በርሚንግሃም የፋብሪካ ከተማ ነበረች። የብላክ ሳባዝ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ ገና በአሥራ ሰባት ዓመቱ የብረት ፋብሪካ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ቆየት ብሎም እንዳያመው ክሩን አላላው። ያ የላላ ክር ያወጣው ወፍራም ድምፅ የሙዚቃው መለያ ሆነ። የመጀመሪያው አልበማቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው።

እኛ አገር ቀጥቃጩም፣ ሸማኔውም፣ አዝማሪውም አንድ ዕጣ ነበራቸው፦ ሥራቸው ይወደዳል፣ እነሱ ይሰደባሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ ቀነሰ እንበል። ንቀቱስ?

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ መጡ። «ጋሼ፣ እርስዎ ያስተማሩ ሰው ነዎት፤ ይህን ልጅ ይምከሩልኝ። አባቱ ወገቡ እስኪጎብጥ ሸምኖ ያስተማረው ጊታር እንዲያስጮህ ነው? ሥራ ፈልግ ስለው ባንድ ላቋቁም ይለኛል።»

ልጁን አስጠራሁት። ገና አፌን ሳልከፍት «ጋሼ፣ ችግራችን ጩኸቱ አይደለም» አለኝ። «አራት ነን፤ አብረን የምንለማመድበት ቤት የለንም። ለየብቻ አጥንተን ስንገናኝ አንገጥምም።»

ድርና ማግ በየቤቱ ቢቀመጥ ሸማ ይሆናል እንዴ? የሸማኔ ልጅ ይህን ለማወቅ የኔን ምክር አይሻም። እናቱን «ሥራውንም ይፈልግ፣ ለልጆቹም ክፍል እንፈልግላቸው» አልኳቸው። «ጋሼ ደግሞ!» ብለው ሳቁ። እንጀራ የሚያሳስባቸው እናት ናቸው፤ አልፈርድባቸውም።

ጃኖ ባንድን ሳስብ የሚያስቀናኝ ይኸው ነው። አራት ድምፃውያን፣ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ ከሙዚቀኞቹ ጋር አንድ ላይ ተቀምጠው ተለማመዱ። ገንዘቡን አውጥተው ያቋቋሟቸው ባለሀብቱ ኤርሚያስ አመልጋ ነበሩ። አልበሙን ፕሮዲዩስ ያደረገው ደግሞ አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው፤ ቀደም ሲል ከእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ጋር የሠራው ሰው። ማለትም ከሁሉ በፊት የተሰጣቸው ነገር ጊዜና ቦታ ነበር።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ሰዓት እላፊው የከተማዋን ሌሊት ዘጋው፤ ባንዶችም አብረው የሚያድሩበት መድረክ ጠበበ። ቀጥሎ የመጣው ዘመን ደግሞ አንድ ኪቦርድ የአሥር ሰው ሥራ የሚሠራበት ሆነ። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። ግን ኪቦርድ ከኪቦርድ ጋር አይከራከርም፤ ከበሮ መቺውና ቤዙ ተኮራርፈው ሲታረቁ የሚወጣው ዜማ ከማሽን አይወጣም።

ደጋፊ ባለሀብት ያላገኙትስ? በየሰፈራችን ስንት አራት አራት ልጆች ቤት አጥተው ተበትነዋል? በየወረዳው ቀን ሙሉ ለስብሰባ ብቻ የሚከፈት አዳራሽ አለ። ማታ ማታ ለሁለት ሰዓት ቁልፉን ቢሰጧቸው አዳራሹ አይፈርስም፤ እኛም ጩኸቱን ሩቅ ሆነን እንሰማዋለን።

ለበዓል ጃኖ መደረብ የሚወድ ሰው፣ ለሸማኔው ጉድጓድ የሚሆን መሬት አይከለክልም።