የንጉሡ መልክና የእማማ ብር

ሥራዬ ገንዘብ መቁጠር ነው። በአዲሎ ከተማ፣ በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ተቀምጬ የሌላ ሰው ብር ስቆጥር እውላለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ግጥም ቢጤ እሞክራለሁ። ከሁለቱ የትኛው እንጀራዬ እንደ ሆነ አንባቢ አያጣውም።

ብር ሲቆጥር የሚውል ሰው በብሩ ላይ ያለውን ሥዕል አያይም። ጣቱ ይቆጥራል፤ ዓይኑ ቁጥሩን ብቻ ይለቅማል። እኔን የገንዘብን መልክ እንዳይ ያስተማረችኝ ጥፍር የምታህል የአክሱም ሳንቲም ናት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም፣ በመስተዋት ውስጥ ተኝታ አገኘኋት። የንጉሡ ራስ መካከል ላይ ተቀርጿል፤ ግራና ቀኙን የእህል ዛላ አቅፎታል፤ ከራሱ በላይ ጨረቃ ክቧን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሥልጣን፣ አምልኮና እንጀራ በአንዲት ጥፍር ላይ! ከዚያን ቀን በኋላ ስለ አክሱም ገንዘብ የተጻፈ ባገኘሁ ቁጥር ሳላነበው አላልፍም።

የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ማተም የጀመሩት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ነው። የወርቁ ሳንቲም ጽሕፈት በአብዛኛው ግሪክኛ ነበር፤ በአዱሊስ ወደብ በኩል ከባሕር ማዶ ነጋዴ ጋር የሚነጋገረው እርሱ ነበርና። ነሐሱ ግን የአገር ቤት ነው። ጨው የሚገዛበት፣ እህል የሚሸመትበት፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መልኩ የሚያልቅ የድሃ ገንዘብ ነው። እርሱም ውሎ አድሮ ግእዝ ተናገረ።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢዛና ነገሠ። በድንጋይ ላይ ራሱን የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ብሎ ያስጻፈው ይህ ንጉሥ ክርስትናን ሲቀበል፣ ጨረቃዋ ከሳንቲሙ ላይ ወረደችና መስቀል በቦታዋ ወጣ። የእህሉ ዛላ ግን አልወረደም። አምላክ ቢለወጥም ሆድ ያው ሆድ ነው።

ከመስቀሉ በኋላ በመጡት የነሐስ ሳንቲሞች ላይ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው የግሪክኛ ቃል ተጽፏል። በመጨረሻዎቹ ነገሥታት ዘመንም፣ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ፣ ለሕዝብ ደስታን የሚመኝ ቃል በግእዝ እናገኛለን። ትልቁን ሐውልት ሠላሳ ሦስት ሜትር ያህል ያስጠረቡ ነገሥታት አገር የገዙ ሰዎች፣ በገበያ ላይ ባለች ትንሽ ነሐስ ሕዝቡን ደስ ይበልህ ይሉታል! እውነት ነው፣ ንጉሥ ገንዘብ ያትማል፤ ባለ ጨዋ አልቀበልም ያለች ቀን ግን መልኩ የነሐስ ቁራጭ ሆኖ ይቀራል። ይህን ያወቁ ይመስለኛል።

በእኛም ዘመን መልክ ወጥቶ መልክ ወርዷል። ደርግ በ1969 ዓ.ም. የንጉሡን ምስል ከብሩ ላይ አነሣ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ አሥሩ፣ ኀምሳውና መቶው ብር ሊለወጡ፣ ባለ ሁለት መቶውም አዲስ ሊወጣ ታወጀ። ለመለወጫ ዘጠና ቀን ተሰጠ። በዚያ ሰሞን ስቆጥር ያመሸሁትን እኔ ነኝ የማውቀው።

እማማ የመጡት በጥር ነው። ቅቤ ሸጠው የሚያድሩ አሮጊት ናቸው። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈቱና በመስኮቱ አሳለፉልኝ፤ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ብር፣ ሁሉም አሮጌ። ጭስ ጭስ ይሸታል።

«ቀኑ አልፏል፣ እማማ» አልኋቸው በከምባትኛ።

«የምን ቀን?»

አስረዳኋቸው። የሀብታም ጉዳይ መስሏቸው ኖሯል። ብሩ የቀብራቸው ነበር። እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፤ ሳጥኑንና የሚጠቀለሉበትን ቡሉኮ ግን በራሳቸው ላብ ሊገዙ ለዓመታት ያጠራቀሙት፣ ለልጆቻቸውም ያልነገሩት ገንዘብ ነው።

ሥራ አስኪያጁን ጠየቅሁ፤ የማውቀውን መልስ ይዤ ተመለስኩ። ሁለት መቶ ብር ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። እጄን በቀስታ መለሱት።

«የሞቴን ገንዘብ ሰው አይሰጠኝም፣ ልጄ።»

ብሮቹን አንድ በአንድ ሰበሰቡ። ከአሥር ብሮቹ አንዱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ስፌት የምትሰፋዋን ሴት በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። እኔ በሺህ ጊዜ የቆጠርኳትን ሴት ያን ቀን ከእርሳቸው ጋር አየኋት፤ አጎንብሳ ትሰፋለች።

«እርሷስ ምን አጠፋች?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ብሩን በነጠላቸው ጫፍ መልሰው ቋጠሩና ደረጃውን ይዘው ወረዱ። ባለ ተራው ደብተሩን ዘረጋልኝ።